ከዓሣው በፊት ውሃው፦ ስለ ትንሽ አኳሪየም ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ዛሬ የምንነጋገረው 40 በ25 በ25 ሴንቲ ስለሆነ አኳሪየም ነው። ሲባዛ 25 ሊትር ይመጣል፤ ጠጠሩና ከላይ የሚተወው ቦታ ሲቀነስ ግን የሚገባው ውሃ 19 ሊትር ገደማ ነው። መድኃኒት ስትለኩ በ19 አስቡ። ትንሽ ገንዳ ለጀማሪ ይቀላል የሚባለው ስሕተት ነው። 200 ሊትር ውስጥ ምንም የማያደርግ አንድ ቁንጥር ትርፍ ምግብ እዚህ በማግስቱ ውሃውን ያበላሸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው፣ ከዚያ ዓሣው። ጠይቁ።

የጀሞው፦ ጋሼ፣ መስታወት አስቆርጬ ራሴ ልሠራው ነው። ስንት ሚሊ ልግዛ?

መላሽ፦ 5 ሚሊ ይበቃሃል። አምስት ቁራጭ ታስቆርጣለህ፦ ወለሉ 40 በ25፣ የፊቱና የኋላው እያንዳንዳቸው 40 በ25፣ ሁለቱ ጎኖች 23.8 በ25። 23.8 የሆነው የፊቱና የኋላው ውፍረት 1 ሴንቲ ስለሚበላ፣ በየጎኑም ለሲሊኮን 1 ሚሊ ስለሚተው ነው። ሹል ጠርዙን እዚያው እንዲሞርዱልህ ንገራቸው። ሲሊኮኑ ላይ ሻጋታ ይከላከላል የሚል ካለ አትግዛ፤ ለሻጋታው የተጨመረው መርዝ ዓሣውንም አይምርም። ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ንጹሕ ሲሊኮን ያዝ። መጋጠሚያውን በአልኮል ጥረግ፤ የጣት ቅባት ካለበት አይዝም። አንድ ሳምንት ሳትነካው ይድረቅ። ከዚያ ጋዜጣ ላይ አስቀምጠህ ሙላና ሁለት ቀን ተወው፤ የሚያፈሰው ጥግ በረጠበው ጋዜጣ ይታወቃል።

የመገናኛው፦ 4 ሚሊም እኮ ይችላል፣ ለምን ሰውን ገንዘብ ታስወጣላችሁ?

የቦሌው፦ እኔ ደግሞ 6 ነው የምለው።

የመገናኛው፦ ለ25 ሴንቲ ቁመት 6? ገንዘብ ማባከን ነው!

መላሽ፦ 4 ውሃውን ይችላል፤ ድንጋይ ስታስገቡ ከእጃችሁ ቢያመልጥ ግን ይሰነጠቃል። 6 ክብደት ከመጨመር በቀር ጉዳት የለውም። 5 ብያለሁ፣ እንቀጥል። ሲሞላ 30 ኪሎ ስለሚያልፍ የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ እንዳታስቀምጡት፤ ከሥሩም ስስ ፎም አንጥፉ።

የሰሚቷ፦ ዓሣዬ ሞተብኝ። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ ምን ዓይነት ዓሣ? ስንት ሊትር? ገንዳው ከተሞላ ስንት ቀኑ? ይህ ሳይነገረኝ ምንም ማለት አልችልም።

የሰሚቷ፦ ይቅርታ። ጎልድፊሽ፣ ሦስት ነበሩ። 10 ሊትር የሚይዝ ክብ ብርጭቆ። በገዛሁ በአራተኛው ቀን ሁለቱ ሞቱ። ውሃው ግን ጥርት ያለ ነው።

መላሽ፦ እህቴ፣ የገደላቸው አሞኒያ ነው ብዬ እገምታለሁ። ቀለም ስለሌለው ጥርት ያለ ውሃ ምንም አይነግርሽም። ይህን ሁላችሁም አንብቡት።

ዓሣ በሚተነፍስበት በስንጥቡ አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብና ኩስም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አንድ የባክቴሪያ ቡድን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላ ቡድን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ይህ ካልበዛ አይጎዳም፣ በየሳምንቱ ውሃ ስትቀይሩ ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት ውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው ሳይሆን የፊልተሩ (የማጣሪያው) ስፖንጅና ጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ነው። አዲስ ገንዳ ውስጥ ገና የሉም። እስኪበዙ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ሳይክል የምንለው ይህንን ነው።

አሠራሩ፦ ጠጠሩን አጥባችሁ 3 ሴንቲ ያህል አንጥፉ፣ ክሎሪን የሌለው ውሃ ሙሉ፣ ፊልተሩንና ሂተሩን አብሩ፣ 27 ዲግሪ ላይ አቁሙት። ዓሣ ሳይኖር በየቀኑ የምስር ፍሬ የምታህል የዓሣ ምግብ ጣሉበት፤ ስትበሰብስ አሞኒያ ትሰጣለች። በሁለት ቀን አንዴ በጠብታ መመርመሪያ (የውሃው ናሙና ላይ ጠብታ ጨምራችሁ በቀለሙ በምታውቁት) ለኩ። መጀመሪያ አሞኒያው ከፍ ይላል። ቀጥሎ እሱ ሲወርድ ናይትራይቱ ከፍ ይላል፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ምግቡን ሳታቋርጡ ሁለቱም ዜሮ ሆነው ለጥቂት ቀን ከቆዩና ናይትሬት ከታየ ግማሹን ውሃ ቀይራችሁ ዓሣ አስገቡ። ከቆየ ጤነኛ ገንዳ የተወሰደ ያልታጠበ ስፖንጅ ካገኛችሁ ጊዜው በጣም ያጥራል፤ ግን እንደረጠበ፣ በሰዓታት ውስጥ መድረስ አለበት።

የቀረችው አንዲት ዓሣ፦ ዛሬውኑ ግማሹን ውሃ ቀይሪላት፣ ነገም ድገሚው፣ ለሁለት ቀን ምግብ አትስጪ። ከዚያ ትልቅ ገንዳ ላለው ሰው ስጫት። ጎልድፊሽ ሲያድግ ከስንዝር ሊያልፍ ይችላል፤ 10 ሊትር ለእሱ ቤት አይደለም።

የሲኤምሲው፦ የቧንቧ ውሃ በጀሪካን አሳድሬ ብጠቀምስ?

የገርጂዋ፦ ማፍላት ይሻላል። እኔ አፍልቼ አቀዘቅዛለሁ።

የሲኤምሲው፦ 19 ሊትር ማን ያፈላል? የታሸገ ውሃ አይሻልም?

መላሽ፦ የታሸገ አያስፈልግም። ማፍላት ክሎሪኑን ያስወጣል፤ አብሮ ግን ኦክስጅኑንም ያስወጣል፣ ካፈላችሁ ቢያንስ ለሰዓታት አየር ፓምፕ ይሥራበት። ማሳደሩ ጥሩ ነው፤ ስሕተቱ ጀሪካኑ ላይ ነው። አፉ ጠባብ ነው፣ ክዳኑም ሲዘጋ ክሎሪኑ መውጫ የለውም። ሳፋ ወይም ሰፊ ባልዲ ላይ፣ ሳይከደን፣ 24 ሰዓት። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያላችሁ ግን ልብ በሉ፦ እዚያ ውሃው በአብዛኛው የዓመቱ ጊዜ የሚታከመው በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ በተዋሐዱበት ማከሚያ) ስለሆነ አድሮም አይለቅም፤ የማስወገጃ ጠብታ ግድ ነው።

የኮተቤው፦ ፊልተር የግድ ነው? ድምፁ እንቅልፍ ይነሳል።

መላሽ፦ የግድ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይብሳል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስለሚያልፍ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የውጭ ቪዲዮ ላይ ለዚህ መጠን ይህን ያህል ዓሣ ሲባል ባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው ነው፤ እናንተ ሩቡን ቀንሱ።

የሐዋሳው፦ ቀዝቃዛ ውሃ ግን ብዙ ኦክስጅን ይይዛል። የአዲስ አበባ ብርድ ያካክሰዋል።

መላሽ፦ ሂተር ከሌለ ልክ ነህ። 26 ዲግሪ ካሞቅኸው በኋላ ግን ብርዱ የሰጠህን መልሰህ ወስደኸዋል።

የሐዋሳው፦ ይህን አላሰብኩትም።

መላሽ፦ ስለ ድምፁ፦ በአየር የሚሠራ ስፖንጅ ፊልተር አድርግና ፓምፑን የታጠፈ ጨርቅ ላይ አስቀምጠው። ፓምፑ ከውሃው ወለል በላይ ይሁን፤ ቱቦው ላይም አንድ መንገድ ብቻ የሚያሳልፈውን ቫልቭ ግጠምበት። አለዚያ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑንም ወለሉንም ያጥለቀልቃል።

የአዳማዋ፦ መብራት ግማሽ ቀን ሲጠፋስ?

መላሽ፦ ምግብ አትስጪ። በየሰዓቱ በኩባያ እየጨለፍሽ ከስንዝር ከፍታ መልሰሽ አፍሺው፣ አምስት ደቂቃ ያህል፤ የሚረጨው ውሃ አየር ይዞ ይገባል። ብርድ ከሆነ ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልይ፣ ላይኛውን ክፍት ትተሽ። ትንሽ ውሃ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

የጀሞው፦ ስንት ዓሣ ይችላል?

መላሽ፦ አንድ ወንድ ቤታ ብቻውን። ወይም አራት ወንድ ጉፒ። ሴት ከቀላቀልክ በወር በወሩ ይወልዳሉ፣ ማስቀመጫ ታጣለህ።

የቦሌው፦ ቤታ ከላይ አየር ስለሚተነፍስ ፊልተር አያስፈልገውም ይባላል።

መላሽ፦ አየር መተንፈሱ እውነት ነው። አሞኒያው ግን ስንጥቡን ያቃጥለዋል። ፊልተር!

የመቂው፦ ከዝዋይ የቆሮሶ (የቲላፒያ) ጫጩት ባመጣስ?

መላሽ፦ አይሆንም። ለምግብ የሚያድግ ዓሣ ነው።

የድሬዋ፦ የእኛ ውሃ ማንቆርቆሪያው ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል።

መላሽ፦ ኖራ የበዛበት ውሃ ነው፤ ጉፒ ይወደዋል። ሙቀቱ ከ29 ካለፈ ክዳኑን አንሺና ማራገቢያ ውሃው ፊት ላይ አዙሪበት።

የመገናኛው፦ 19 ሊትር ስንት ዓሣ ይይዛል?

መላሽ፦ ከላይ ተመልሷል። እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ። ሳይክሉ ሳያልቅ መልሱ ዜሮ ነው።

የገርጂዋ፦ የኔ ሦስት ወሩ ነው። ስፖንጁ ስለቆሸሸ በቧንቧ ውሃና በበረኪና አጠብኩት። ከትናንት ጀምሮ ቤታዬ ውሃው ፊት ላይ ብቻ ነው የሚቆየው።

መላሽ፦ ባክቴሪያውን አጥበሽ ጥለሽዋል፤ ገንዳሽ አሁን እንደ አዲስ ነው። ዛሬ 10 ሊትር ቀይሪ፣ የሚገባው ያደረና ሙቀቱ የተመሳሰለ ይሁን። ስፖንጁን አውጥተሽ ሌላ አዲስ ግዢ፤ ጠጠሩን አትንኪው፣ የተረፈው ባክቴሪያ እዚያ ነው። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ እስኪሆኑ በየቀኑ እየለካሽ ከፍ ካለ ግማሹን ቀይሪ፤ ምግብ በሁለት ቀን አንዴ፣ ሁለት ሦስት ፍሬ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ከ4 እስከ 5 ሊትር በቱቦ ከጠጠሩ ላይ እየሳብሽ ቅጂና ስፖንጁን እዚያው የተቀዳው ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ አድርጊው። ቡናማነቱ ባይለቅም ተይው፤ አየሩ በደንብ ካለፈበት በቂ ነው።