ዳላስ ሄጄ ሜሪላንድ ታክስ ጠየቀኝ ላልከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ ትራክ ስቶፕ ቆሜ አነበብኩት። በስልክ ለመመለስ ስለረዘመብኝ ቤት ስገባ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ። ሌሎቹም እንዲገባቸው ጉዳይህን ባጭሩ ልድገመው። በጃንዋሪ 2022 ሜሪላንድ ካለው ሲልቨር ስፕሪንግ ቴክሳስ ወዳለው ዳላስ ሄደህ አፓርትመንት በስምህ ተከራየህ። ሲዲኤልህንም (የትራክ መንጃ ፈቃድህን) ወደ ቴክሳስ ቀየርክ። ባለቤትህና ልጆችህ በትምህርት ምክንያት ሜሪላንድ ቆይተው በጁን 2023 ተከተሉህ። አሁን ሜሪላንድ «የ2022 ታክስ ለምን አልሞላህም?» የሚል ደብዳቤ ላከልህ። አንተ ደግሞ «ቴክሳስ የገቢ ታክስ የለም፤ እነሱን ምን አገባቸው?» ትላለህ።

እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር። ከሁሉ በፊት ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አትክተተው።

የራሴን ልንገርህ። በ2019 የራሴን ትራክ ገዛሁ። በዓመቱ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ የሚኖር ጓደኛዬ ጋ አንድ ክፍል ተከራየሁ፣ መንጃ ፈቃዴን ቀየርኩ፣ የባንክ አድራሻዬን ወደዚያ አዛወርኩ። ታክስ የሚሠራልኝ ሰው «ከዚህ በኋላ የሜሪላንዱን መሙላት አያስፈልግህም» አለኝ። ደስ አለኝ። ቤታችን ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው፤ የስቴቱ 4.75 በመቶ ከካውንቲው 3.2 በመቶ ጋር ሲደመር ከመቶ ዶላር ስምንት ዶላር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ለናፍጣና ለጎማ ከፍሎ በሚተርፈው ለሚኖር ሰው ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄድኩ። በሦስተኛው ደብዳቤው መጣ። ባለቤቴ ማስታወቂያ መስሏት ፍሪጁ ላይ ከሌሎች ፖስታዎች ጋር አስቀመጠችው። እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ። ሁለተኛው ሲመጣ ጥያቄ አልነበረም። የዕዳው ልክ ተቆርጦ፣ ቅጣትና ወለድ ተጨምሮበት ነው የመጣው። እንዴት አወቁ ብትለኝ፣ የፌዴራሉን ታክስ ከባለቤቴ ጋር በጋራ ስሞላ አድራሻው የሲልቨር ስፕሪንጉ ቤት ነበር። አይ አር ኤስ (የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) ደግሞ መረጃውን ለስቴቶች ያካፍላል።

አሁን ወደ ሕጉ። ብዙ ሹፌር የሚያውቀው 183 ቀን የሚለውን ብቻ ነው። «እኔ ሜሪላንድ ውስጥ በዓመት ሦስት ወር አልቀመጥም» ይላል። እውነቱን ነው፤ ግን ያ አንዱ በር ብቻ ነው። በዚያ በር የሚያዘው ሜሪላንድ ውስጥ ከስድስት ወር በላይ መኖሪያ ይዞ፣ በአካልም 183 ቀን ወይም ከዚያ በላይ እዚያው የቆየ ሰው ነው። ሁለተኛው በር ዶሚሳይል የሚሉት ነው። ሄደህ ሄደህ የምትመለስበት ቋሚ ቤትህ ማለት ነው። ይሄ ቀን አይቆጥርም። አንዴ ሜሪላንድ ከሆነ፣ ትተኸው ሌላ ቦታ በእርግጥ እስክትመሠርት ድረስ እዚያው ይቆያል። መቀየርህን የማስረዳቱ ሸክም ደግሞ ያንተ ነው። ፍርድ ቤቶቹ ከሁሉ በላይ የሚያዩት በእርግጥ የት እንደምትኖርና፣ ዜጋ ከሆንክ፣ የት እንደምትመርጥ ነው።

ለእኛ ለሹፌሮች ይሄ በጣም ከባድ ጉዳይ ነው። ምክንያቱም የፌዴራል ሕግ፣ አርዕስት 49 አንቀጽ 14503፣ በብዙ ስቴት እየዞረ ጭነት የሚያመላልስን ሹፌር የሥራ ገቢ መቅረጥ የሚችለው የሚኖርበት ስቴት ብቻ ነው ይላል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ኦሃዮም ፔንስልቬኒያም በየመንገዱ አይጠይቁህም። ግን ያ አንድ ስቴት ሜሪላንድ ከሆነ ሙሉ ገቢህ እዚያ ይቆጠራል።

አንድ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ከባለቤቴ ጋር ጠረጴዛ ከበን ተቀመጥን። እሷ የ2021ን ካላንደር ያዘች። እኔ ሎጌን፣ የት እንደነዳሁና የት እንዳደርኩ የሚመዘገብበትን፣ ከላፕቶፕ አነበብኩላት። ሲልቨር ስፕሪንግ ያደርኩበትን ሌሊት በሰማያዊ፣ ጋርላንድ ያደርኩበትን በቀይ እስክርቢቶ ከበብን። ዲሴምበር ላይ ስንደርስ ሰማያዊው 74 ሆነ። ቀዩ 9። ሌላው በሙሉ ትራክ ውስጥ ነው። «ታዲያ ቤትህ የት ነው?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ሌላም ነበር። የሲልቨር ስፕሪንጉን ቤት ስንገዛ ሆምስቴድ የሚባለውን የቤት ግብር ቅናሽ አመልክተን ነበር። ያ ቅናሽ ዋና መኖሪያዬ ነው ብሎ ለፈረመ ነው። ፊርማው የእኔ ነው። የጤና ኢንሹራንሳችንም በሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን በኩል ነበር፤ እሱም ለሜሪላንድ ነዋሪ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት እያለ የቴክሳስ መንጃ ፈቃድ ብቻውን አያድንም።

ያንተ ግን ከእኔ ይለያል። ሊዙ (የኪራይ ውሉ) በስምህ ነው፤ ዋናው ነገር ደግሞ ቤተሰብህ በኋላ ተከትሎሃል። ለጊዜው ነው የቆዩት ብለህ ስትከራከር የሚደግፍህ ይሄ ነው። በእኔ ግምት ክርክርህ የሚያስኬድ ነው፤ ግን በወረቀት መደገፍ አለበት። ሊዙን፣ የመብራት ሂሳቡን፣ የትራኩንና የመኪናህን የቴክሳስ ምዝገባ፣ እዚያ ያየህን ሐኪም፣ ልጆቹን ዳላስ ትምህርት ቤት ያስመዘገብክበትን ሁሉ ሰብስብ። ከሁሉ በላይ ሎግህን። ኩባንያዎች የኢ ኤል ዲ (ሎጉን የሚይዘው የትራኩ መሣሪያ) መረጃ እንዲያቆዩ የሚገደዱት 6 ወር ብቻ ነው። የ2022ቱን ካላወረድከው ዛሬውኑ ጠይቅ፤ ከጠፋ የነዳጅ ደረሰኝና የባንክ ስቴትመንት ያግዝሃል። እዚያም የእኔ ዓይነት ሰማያዊ ቀለም ከበዛ ራስህን አትሸውድ።

የባለቤትህ ነገር ለብቻው ነው። እሷ 2022ን ሙሉውን የሜሪላንድ ነዋሪ ነበረች፤ 2023ን ደግሞ የግማሽ ዓመት። የእሷ ካልተሞላ አሁኑኑ አስሞሉ።

መፍትሔው ላይ ልምጣ። ደብዳቤህ ገና ጥያቄ ብቻ ከሆነ በተሰጠህ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ መልስ። አሰስመንት፣ ማለትም የዕዳው ልክ ተቆርጦ የተላከ፣ ከሆነ ግን ከተላከበት ቀን ጀምሮ ያለህ 30 ቀን ነው። በዚያ ውስጥ ሂሪንግ፣ ቀርበህ የምትሰማበትን፣ መጠየቅ ትችላለህ። እዚያ ካልተስማማህ ወደ ሜሪላንድ ታክስ ኮርት ይግባኝ አለ፤ እሱም 30 ቀን ነው። እኔ የመጀመሪያው ፍሪጅ ላይ ተኝቶ ስለነበር ሁለተኛውን የያዝኩት ለጥቂት ነው።

መከራከር አያዋጣም ካልክ፣ ያልሞላኸውን ዓመት ትክክለኛውን ታክስ ሙላ። እነሱ ቆርጠው በላኩት ልክ ዝም ብለህ አትክፈል። እኔ ስሞላ የልጆቹ ቅናሽ ገባ፤ ለእያንዳንዱ 3,200 ዶላር ከሚቀረጠው ገቢ ይቀነሳል። ዕዳው ወረደ። ከዚያ ለምን እንዳልሞላሁ፣ የተሰጠኝን ምክርና ቀድሞ የነበረኝን ንጹህ ታሪክ ዘርዝሬ ቅጣቱ እንዲነሳልኝ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ቅጣቱን ሰረዙልኝ። ወለዱን ግን ከፈልኩ። ዋናውን በየወሩ እንድከፍል ተስማማን። ስልክ ላይ ያገኘኋት ሴት በትዕግሥት ነው ያስረዳችኝ። በእርግጥ መክፈል ለማይችል ሰው በድርድር ዕዳውን የማሳነስ መንገድም አለ፤ ግን ገቢህንና ንብረትህን አንድ በአንድ ያያሉ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ በነጻ የሚያግዙ የታክስ ክሊኒኮች ስላሉ ጠይቅ።

ዝም ማለት የማያዋጣበት ሌላም ምክንያት አለ። ሜሪላንድ ያልተከፈለ ታክስ ያለበትን ሰው መንጃ ፈቃድና የመኪና ምዝገባ እንዳይታደስ ማገድ ይችላል። የሙያ ፈቃድም እንደዚያው። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ እንቅልፍ የነሳኝ የጋራ ዕዳ ሆኖ የእሷ ፈቃድ እንዳይነካ ነበር። ደግሞ ጭራሽ ላልተሞላ ዓመት ይርጋ የለውም። ከዐሥር ዓመት በኋላም ሊመጡ ይችላሉ።

እግረ መንገዴን፣ ከታች በኮሜንት ቨርጂኒያ እየኖርኩ ዲሲና ሜሪላንድ ኡበር እነዳለሁ ላልሽው እህቴ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ አንዱ የሌላውን ነዋሪ ደመወዝ ላለመቅረጥ የተስማሙት ለተቀጣሪ ደመወዝ ነው። የኡበር ገቢ ደመወዝ ስላልሆነ ሜሪላንድ ውስጥ ያገኘሽውን ለይተሽ ያዢና ባለሙያ አማክሪ።

ወንድሜ፣ የደብዳቤውን ዓይነትና የተላከበትን ቀን ብቻ እዚህ ጻፍልኝ። ስምህንና የሶሻል ቁጥርህን ሸፍነው። እስከ ሐሙስ ቤት ነኝ፤ የእኔን የቅጣት ማንሻ ደብዳቤ እንደ ናሙና በውስጥ እልክልሃለሁ።