የታክሲና የአውቶብስ ቀለም ከየት ይመጣል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከአዲስ አበባ ስትመለሺ «አንበሳ አውቶብስ ቀይና ቢጫ፣ የከተማው ባቡር አረንጓዴና ሰማያዊ፣ የእኛ የጎንደር ባጃጅ ደግሞ ሰማያዊ። ይሄን ቀለም ማነው የሚመርጠው? ለውበት ነው ወይ?» ብለሻል። እኔ እዚሁ ጎንደር መኪና ቀለም በመቀባት ነው የምተዳደረው። ባጃጁም ሚኒባሱም በእጄ ያልፋል። የማውቀውን ልንገርሽ።

ለውበት ተብሎ ብቻ የሚመረጥ ቀለም ጥቂት ነው። አብዛኛው ለመለየት ነው። ይሄን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይሽ ባቡሩ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው መስመር አረንጓዴ፣ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ የሚሄደው ሰማያዊ ተባለ። ሁለቱ መሃል ከተማ ላይ ከስታዲየም እስከ ልደታ ድረስ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ሜክሲኮ ጣቢያ ቆመሽ አስቢው። ሁለቱም ከፊትሽ ይመጣሉ። ማንበብ የማይችል ሰው፣ ዓይናቸው የደከመ አዛውንት፣ ቀለሙን አይተው ይሳፈራሉ። ቀለሙ ራሱ ታፔላ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። ለንደን ውስጥ አውቶብስ በፈረስ ይጎተት በነበረበት ዘመን ቀለሙ የሚሄድበትን መስመር ይናገር ነበር። ኋላ ኩባንያዎቹ ሲበዙና ፉክክሩ ሲጦፍ፣ ለንደን ጀነራል ኦምኒባስ የሚባለው ትልቁ ኩባንያ በ1907 እ.ኤ.አ. አውቶብሶቹን ቀይ አደረገ። ተሳፋሪ ከሩቅ እንዲለያቸው ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. ትራንስፖርቱ በአንድ የሕዝብ ድርጅት ሥር ሲጠቃለልም ቀዩ ቀጠለ። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ቀይ አውቶብስ መነሻው የገበያ ሽሚያ ነው። የቪየና ትራም ቀይና ነጭ ደግሞ ከከተማዋ አርማ ጋር አንድ ነው።

እኔ በጣም የማደንቀው ግን የአሜሪካን የተማሪዎች አውቶብስ ነው። በ1939 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ፣ የትምህርት ኃላፊዎችና አውቶብስ ሠሪዎች ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተሰብስበው ነው ቢጫውን የወሰኑት። በቢጫ ላይ የተጻፈ ጥቁር ፊደል ጎህ ሲቀድ፣ ገና ብርሃኑ ሳይጠራም ይነበባል። ለልጆች ሲባል እንዲህ ተጨንቆ ቀለም መምረጥ ደስ ይላል።

ወደ እኛ ልምጣ። የታክሲ ሚኒባስ ከላይ ነጭ፣ ከታች ሰማያዊ ነው። ለሙያው ሰው ይሄ ጥሩ አመራረጥ ነው። መኪናው ብዙ ጊዜ ነጭ ሆኖ ስለሚመጣ የታችኛውን መቀባት ይበቃል። ጣሪያው ነጭ ሲሆን ፀሐይን ይመልሳል። ጠጠርና ግጭት የሚበዛበት ደግሞ ታች ስለሆነ የሚታደሰውም እሱ ብቻ ነው።

ባጃጅ ላይ ሥራው ይከብዳል። ተጋጭቶ ሲመጣ ላሜራው ይቀጠቀጣል፣ ስቱኮ ይበላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ ፀረ ዝገት ይረጫል። ከዚያ ሰማያዊው ይመጣል፣ ጭንቁም ይጀምራል። የመጀመሪያውን ቀለም ለማግኘት የመስታወቱን ጎማ ገለጥ አድርጌ ከሥሩ አያለሁ። ፀሐይ ስላልነካው እውነተኛው እዚያ አለ። ግን እሱን ብቀባበት ከቀሪው አካል ጋር አይገጥምም፣ ቀሪው ወይቧል። ስለዚህ ነጭ ጠብ እያደረግሁ አስማማለሁ። ትንሽ ላሜራ ላይ ረጭቼ፣ እስኪደርቅ ጠብቄ፣ ደጅ አውጥቼ በቀን ብርሃን አስተያያለሁ። እርጥብ ቀለም ያታልላል። ጋራዥ ውስጥ በመብራት የተስማማ መስሎ ፀሐይ ላይ ሲወጣ የሚለያይ ብዙ ነው።

እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ቆመሽ የሚያልፉትን ባጃጆች ብታዪ ሰማያዊው አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ይገባሻል። አንዱ ወደ ጥቁር ይሄዳል፣ ሌላው ሰማይ ይመስላል። አንበሳ አንድ ድርጅት ስለሆነ ቀለሙን በአንድ እጅ ይይዛል። የባጃጅ ባለቤት ግን ብዙ ነው፣ እያንዳንዱ ከመሰለው ሱቅ ይገዛል፣ እንደ እኔ ያለ ቀቢ ደግሞ እንደ ዓይኑ ይበጠብጠዋል። ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሱ ሁለት ነው። «ሰማያዊ ይሁን» ብሎ የቀለሙን ስም የሚወስነው መንግሥት ነው፣ መንገድ ላይ የምታዪውን ሰማያዊ የሚሠራው ግን ቀቢው ነው።

እንደኔ እንደኔ «ሰማያዊ» ብሎ መተው ትክክል አይደለም። ጀርመኖች ራል የሚባለውን የቀለም ቁጥር ያወጡት በ1927 እ.ኤ.አ. ነው። ቁጥሩን ከተናገርሽ የትም ብትሄጂ ያው ቀለም ይበጠበጥልሻል። የእኛም ከተማ አንድ ቁጥር ቢጽፍ ለቀቢውም ለባለንብረቱም እፎይታ ነው፣ ከተማውም ያምርበታል።

የድሮውን ቀለም ማወቅ ከፈለግሽ ደግሞ ፎቶ ይረዳል። ቤታችሁ የድሮ ጎንደር ታክሲ ወይም አውቶብስ የሚታይበት ባለቀለም ፎቶ ያላችሁ እዚሁ ለጥፉልን፣ የተነሳበትን ዓመትም ጻፉበት። ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ይልቅ አልበም ውስጥ የቆየው ይሻላል፣ እሱ ቀለሙ ብዙም አይለቅም።