ሥርዓት ቢቀየር ሌብነት ይቆማል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። ከጓደኞቼ ጋር ስንከራከር ሰነበትን። አንዱ ሀገር በፕሬዝዳንት ስትመራ ሁሉ ነገር አንድ ሰው እጅ ስለሚገባ ነው የሚሰረቀው፣ ወደ ፓርላማ ሥርዓት ብትዞር ሙስና ይቀንሳል ይላል። ሌላው ደሞ ስልጣን ወደ ታች ወደ አካባቢ አስተዳደር ይውረድ፣ ሕዝቡ ሌባውን በቅርብ ያየዋል ባይ ነው። እኔ ሰውየው ያው ሰውዬ ከሆነ ወንበሩ ቢቀየር ምን ዋጋ አለው እላለሁ። ማናችን ነን ትክክል?
ተከራካሪው

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሦስታችሁም ትንሽ ትንሽ እውነት ይዛችኋል፣ ግን ምረጡ ካልከን ወዳንተ እናደላለን፣ ለዛውም በግማሽ ልብ። የሥርዓት ለውጥ ብቻውን ሙስናን ሲነቅለው ብዙም አልታየም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀየረው ገንዘቡ የሚገባበት ኪስ ነው።

ጣልያንን እንይ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው)። በፌብሩዋሪ 1992 ሚላን ውስጥ ማሪዮ ኪዬዛ የሚባል የአንድ አረጋውያን መጦሪያ ኃላፊ ከአንድ የጽዳት ድርጅት ባለቤት 7 ሚሊዮን ሊሬ ሲቀበል እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ነጋዴው መክፈሉ አንገፍግፎት ቀድሞ ለፖሊስ ተናግሮ ነበር፣ በገንዘቡም ላይ ምልክት ተደርጎበታል። ባለስልጣኑ የገዛ ፓርቲው ሲክደው ጊዜ አፉን ከፈተ፣ ከዛ አንዱ አንዱን እየጎተተ ሀገሪቱን ለአስርት ዓመታት የመሩት ክርስቲያን ዴሞክራቶችም ሶሻሊስቶችም በ1994 ፈረሱ፣ የምርጫ ሕጉም በ1993 ተቀየረ፣ ጣልያኖችም ሁለተኛው ሪፐብሊክ መጣ አሉ። እሺ ከዛስ? በ2014 ቬኒስን ከጎርፍ ይከላከላል በተባለው ግዙፍ ፕሮጀክት ሌላ የጉቦ ጉድ ፈነዳ። ፓርቲዎቹ ሄዱ፣ በዝግ በር ጨረታ የሚሰጠው ቢሮ ግን እዛው ነበር።

የሁለተኛው ጓደኛህ ሀሳብ ደስ ይላል፣ ኬንያ ላይ ተሞክሯል። በ2010 አዲስ ሕገ መንግሥት ወጣና ከ2013 ጀምሮ 47 የአካባቢ መንግሥታት በጀት ይዘው ሥራ ጀመሩ። እውነቱን ለመናገር ከዋና ከተማው የራቀ ሰው ከበፊቱ የተሻለ አገልግሎት ያገኘበት ቦታ አለ። ግን 47 አዳዲስ ግምጃ ቤት ሲከፈት «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውም አብሮ ወረደ፣ በርከት ያሉ ገዢዎች በሙስና ተከሰው ፍርድ ቤት ቆመዋል።

አሁን ደሞ ሥርዓቱ ሳይነካ የተለወጠ ቦታ እንይ። ሆንግ ኮንግ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ናት፣ ሕዝብ የመረጠው መንግሥት የላትም። አምቡላንስ በሽተኛውን ከማንሳቱ በፊት ጉርሻ ይጠየቃል፣ ሆስፒታል የተኛ ሰው አንድ ብርጭቆ ውሃ እንዲሰጠው ለሠራተኛዋ መክፈል አለበት። በ1973 ፒተር ጎድበር የሚባል ከፍተኛ የፖሊስ መኮንን ከደሞዙ ጋር የማይገናኝ ሀብት ተገኝቶበት ምርመራ ላይ እያለ ወደ እንግሊዝ ሾልኮ ወጣ፣ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። በ1974 ከፖሊስ ውጪ የሆነ፣ ተጠሪነቱ ለገዢው ብቻ የሆነ የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ፣ ጎድበርም ተመልሶ መጥቶ ታሰረ። ያው ቅኝ ግዛት፣ ያው ባንዲራ፣ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጉቦ መቀበል አስፈሪ ነገር ሆነ።

ኡጋንዳ ደሞ ከዚህም የቀለለ ነገር ነው የተደረገው። ከ1991 እስከ 1995 መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከደሞዝ ውጪ ከሚልከው ገንዘብ በአማካይ ትምህርት ቤት የደረሰው 13 በመቶ ብቻ ነበር፣ ሌላው መሀል ላይ ቀልጧል። ከዛ መንግሥት ለየትኛው አካባቢ ስንት እንደላከ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ፣ ትምህርት ቤቶቹም የደረሳቸውን ግድግዳ ላይ እንዲለጥፉ ታዘዙ። በ2001 የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። ሁሉም የጋዜጣው ሥራ ነው ባይባልም፣ ወላጅ ግድግዳው ላይ ቁጥሩን አንብቦ ርዕሰ መምህሩን «የታለ?» ማለት ሲችል መስረቅ ከባድ ነው። ፕሬዝዳንቱ ያኔም ሙሴቬኒ ነበሩ።

ታዲያ የሥርዓት ለውጥ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም፣ ግማሽ ልብ ያልነውም ለዚህ ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ አምባገነኑ ፕሬዝዳንት ሱሃርቶ በ1998 ከስልጣን ባይወርዱ ኖሮ በ2002 በሕግ የተቋቋመው የፀረ ሙስና ኮሚሽን ባልታሰበ፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱን ፕሬዝዳንትና የፓርላማውን አፈ ጉባኤ እስር ቤት ባላስገባም ነበር። ችግሩ እነዛው ፖለቲከኞች በ2019 ሕጉን ቀየሩና ሠራተኞቹን የመንግሥት ሠራተኛ፣ ኮሚሽኑንም በሌላ ቦርድ ስር አደረጉት። ሆንግ ኮንግም ቢሆን የሠራው ገዢው ስለፈቀደ ነው፣ ባይፈቅድስ? ስለዚህ ቀጣይ ስትከራከሩ ፕሬዝዳንት ይሻላል ፓርላማ ከምትባባሉ ዋና ኦዲተሩን ማን ይሾመዋል፣ ሪፖርቱ ለሕዝብ ይወጣል ወይስ መሳቢያ ይገባል፣ ዓቃቤ ሕጉ ሚኒስትር ቢከስ በማግስቱ ሥራው ላይ ይገኛል ወይ የሚለውን ተጠያየቁ። የመጀመሪያው ጓደኛህ የፓርላማ ሥርዓት እነዚህን ያሻሽላል የሚልበት ምክንያት ካለው እንስማው፣ ስሙን ብቻ ከሆነ ግን አልገባንም።

ጥያቄ፦ የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ ቢጨመር ጉቦ ይቀራል ይባላል፣ እውነት ነው?
ም.

መልስ፦ እህታችን፣ ብቻውን አይቀርም። ጋና በ2010 የፖሊሶችን ደሞዝ በእጥፍ ገደማ አሳደገች፣ ከዛ በጋና መንገዶች የሚያልፉ ከባድ መኪኖችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች ያገኙት ፖሊሶቹ ኬላ ላይ የሚቀበሉት ጭራሽ መጨመሩን ነው። ጆርጂያ ግን ከ2003ቱ አብዮት በኋላ ደሞዝ የጨመረችው የትራፊክ ፖሊሱን በጅምላ አሰናብታ በአዲስ ከተካች በኋላ ነው፣ መንገድ ላይ ጉቦ መጠየቅም በአጭር ጊዜ ጠፋ ማለት ይቻላል። ሲንጋፖር ደሞ ሚኒስትሮቿን በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ደሞዞች አንዱን ትከፍላለች፣ ሆኖም በ2024 የቀድሞ የትራንስፖርት ሚኒስትሯን ከነጋዴዎች ስጦታ በመቀበል 12 ወር ፈርዳበታለች።