መልስ፦ ሽፋኑ ምላሹን ያቆመዋል ወይ?

የብር ናኖ ቅንጣቶችህ እንዳይጠቁሩ በአሉሚና (በአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ብትሸፍናቸው፣ በብርሃን የሚነሳው ኬሚካዊ ምላሽ ይቆም እንደሆነ ጠይቀሃል። በውፍረቱ ይወሰናል። ምላሹን የሚያስነሳው ምን እንደሆነም ይወስነዋል።

ብርሃን ብሩን ሲመታ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ መስክ፣ ጉልበት ያገኙ ኤሌክትሮኖችና ሙቀት ይፈጠራሉ። መስኩ ጥቂት ናኖሜትር ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተዋወቀው በተሸፈኑ የወርቅ ቅንጣቶች የሚሠራው የራማን ዘዴም (ሞለኪውሎችን በሚበትኑት ብርሃን የሚለይ ዘዴ) የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ሙቀቱማ ቀጭን ሽፋን ከቁብም አይቆጥር። ጣጣው ኤሌክትሮኖቹ ላይ ነው። አሉሚናና ሲሊካ (ሲሊከን ዳይኦክሳይድ) ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም፤ ኤሌክትሮን የሚሾልክባቸው በጣም ከሳሱ ብቻ ነው። ጥቂት ናኖሜትር ከደረሱ መንገዱ ተዘጋ በለው። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ግን ከፊል አስተላላፊ ስለሆነ ኤሌክትሮኑን ተቀብሎ ሊያሻግር ይችላል።

እኔ እንዲያውም ሽፋኑን እንደ መመርመሪያ ነው የማየው። ባዶ ብር ላይ የሚሄደው ምላሽ ስትሸፍነው ቀጥ ካለ፣ ኤሌክትሮን ወይም የብሩን ቀጥተኛ ንክኪ ይፈልግ ነበር ማለት ነው። ከቀጠለ ሙቀቱን ጠርጥር። ወይም ሽፋኑ ላይ የቀረ ቀዳዳ!

ብዙ ሰው ጉድ የሚሆነው በቀዳዳ ነው። በአቶሚክ ሌየር ዲፖዚሽን (ሽፋኑን በስሱ ንብርብር በንብርብር በሚያሳድገው ዘዴ) አንድ ዙር 0.1 ናኖሜትር ገደማ ይጨምራል። ግን 10 ዙር ሠራሁ፣ 1 ናኖሜትር ሸፈንኩ ብለህ አትተማመን፤ መጀመሪያ ላይ ሽፋኑ እዚህም እዚያም ብቅ እያለ ሊያድግ ይችላል። ፒሪዲን የሚባል ኦርጋኒክ ፈሳሽ ጨምርበትና በራማን እየው። ፒሪዲን ባዶ ብር ላይ በደንብ ይጣበቃል። ምልክቱ ጎልቶ ከታየ ሽፋንህ ያፈሳል፤ ጥቂት ዙር ጨምርበት።