መመለሻውንም ቁጠሩ

እናንተ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱሉልታ ጋራዤ በር ላይ ተኮልኩላችሁ "ጋሼ ይቺ ነገር ስንት ትበራለች?" የምትሉኝ ልጆች፣ እስቲ ዛሬ ተረጋግቼ ልመልስላችሁ።

መኪናዋን ታውቋታላችሁ። ከስር የድሮ ቮልስ ናት፣ ከላይ ያለውን ቀፎ ግን እኔና አንድ ወዳጄ ላሜራ እየቀጠቀጥን ግቢ ውስጥ ነው የሰራነው፣ ሞተሯ ያ ከፋብሪካ 34 የፈረስ ጉልበት ይዞ የወጣው የ1200 ሲሲው ነው። ጨርሰን ስንነዳት የፍጥነት ጌጁ በሰዓት 140 ኪሎሜትር አሳየ፣ በቃ እኔም ለሶስት አመት ያህል ሻይ ቤት በገባሁ ቁጥር 140 ነዳሁ እያልኩ ስጎርር ኖርኩ፣ ማንም አልጠየቀኝም እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ጉዴን ያወጣው የሩጫ አሰልጣኝ ነው። እዚህ ሰፈር ሯጭ እንደሚበዛ ታውቁ የለ፣ ሰውየው መኪና አይነዳም፣ ሰዓቱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው የሚውለው። "140 የሄድከው ወዴት ዞረህ ነው?" አለኝ። ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም፣ በ100 ሜትር ሩጫ ከጀርባ የሚገፋው ንፋስ በሰከንድ ከ2 ሜትር ካለፈ ሪከርዱ አይጸድቅም ብሎ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ለካ የመኪናውም ህግ ያው ነው፣ በዓለም አቀፉ የመሬት ፍጥነት ሪከርድ አንዴ ትሄዳለህ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ በዛው መስመር ትመለሳለህ፣ የሚያዝልህ የሁለቱ አማካይ ነው።

አዲስ አስፋልት የለበሰ ገና ለመኪና ያልተከፈተ ቁራጭ መንገድ ነበር፣ (ፈቃድ አልነበረንም፣ ትክክል አልሰራንም፣ እሱን አትማሩ) አንድ ኪሎሜትር በሜትር ለክተን ጫፍና ጫፉን በኖራ ቀባነው። መሄጃው 30 ሰከንድ፣ መመለሻው 36። ሁለት ኪሎሜትር በ66 ሰከንድ ማለት 109 ምናምን ነው፣ አሰልጣኙ መሬት ላይ በእንጨት ጽፎ አሳየኝ። ንፋሱና ቁልቁለቱ ነበር የገፋኝ። ጌጁስ? የቮልስ የጌጅ ገመድ የሚነሳው ከፊት ግራ ጎማ ነው፣ እኛ ደሞ አፍንጫዋ ዝቅ ይበል ብለን ፊት ትንንሽ ጎማ አስረንላታል፣ ትንሽ ጎማ ቶሎ ቶሎ ይዞራል፣ ጌጁም ይዋሻል። በኋላ ሳነብ ዤናትዚ የሚባል ቤልጂጋዊ በፈረንጆች 1899 በኤሌክትሪክ መኪና 105.88 ነድቷል። እኔ ከመቶ አመት በኋላ መጥቼ እሱን በሶስት ኪሎሜትር በልጬ ነው ሻይ ቤት ያስቸገርኩት።

አሁን የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ትልቅ ካርብሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ብንገጥምስ ነው። እኛ ያለነው ከባህር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሳሪያ) የሌለው ሞተር ጉልበቱን ሩብ ገደማ እዚሁ ጥሎት ነው የሚሰራው፣ ቤንዚን ብትጨምሩለት የሚያቃጥልበት አየር የለውም። ካንዴላውን ፍቱና እዩ፣ ጥላሸት ከለበሰ በዝቶበታል። ደግነቱ ስስ አየር መኪናዋንም ከፊት ያን ያህል አይገፋትም። አንዱ ልጅ አፋር አሳሌ ጨዉ ላይ ወስደን ብንሞክራትስ ብሎኛል፣ ሀሳቡ አይናቅም፣ ቦታው ከባህር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ስለሆነ ሞተሩ ትንፋሹን ያገኛል፣ ግን ወፍራሙ አየር ከፊት ይይዛታል፣ ሙቀቱ ደሞ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ይጨርሳል። እና ስሌቱን አትርሱ፣ አየሩን ብቻ ብናስብ እንኳ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የሚፈለገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ነው።

ሶስተኛው ሲሊንደር ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁና ይብቃ። በድሮዎቹ ቮልሶች የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ስለሚጋርድበት ሶስተኛው ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል። አንድ ጠዋት መሄጃውን 28 ሰከንድ ሰራሁ፣ ስዞር ቀጭን የብረት ድምፅ ሰማሁ፣ ሰማሁ እኮ ነው የምላችሁ፣ ግን 28ቷ አሳስቃኝ ጋዝ ረገጥኩ፣ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ተቆርጦ ፒስቶኑ ላይ ወደቀ። ሁለት ወር ስራ። መመለሻ ስላልነበረው 28ቷም አልተቆጠረችም።

በርት መንሮ የሚባለው የኒውዚላንድ ሰውዬ የፈረንጆች 1920 ኢንዲያን ሞተርሳይክሉን ከ40 አመት በላይ ነካክቷል፣ ፒስቶን ቤቱ ብረት እያቀለጠ ይሰራ ነበር፣ የተሰበረውን ደሞ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠው ነበር። በፈረንጆች 1967 አሜሪካ ቦንቪል ጨው ሜዳ ላይ በ68 አመቱ 295 ኪሎሜትር በሰዓት አስመዘገበ፣ ሲገዛት 90 እንኳ በቅጡ የማትሞላ የነበረች ናት። እዛ የጥንት ሞተሮች የራሳቸው ምድብ አላቸው፣ ጨዉ ሜዳ ላይ የሚገጭ ነገር የለም። እናንተ ለሊት ቀለበት መንገድ ላይ ስለምትሰሩት ሰምቻለሁ። እዛ የሚያቋርጥ ሰው አለ፣ የቆመ ሲኖትራክ አለ፣ ሰዓት የሚይዝ ግን የለም፣ ስለዚህ ሪከርድ ሰበርኩ ብሎ የሚመጣ ጋራዤ አይግባ።

የኔዋ አሁን 28 እና 33 ላይ ናት፣ 118 ማለት ነው። ሰሞኑን ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ወርዷል፣ ያው ሶስተኛው ነው። ቅዳሜ የምትመጡ ደብተር ያዙ፣ የፈታነውን በቅደም ተከተል የሚጽፍ ሰው ያስፈልገኛል፣ የኔ አይን ትንንሹን ቁጥር እምቢ ብሏል።