ሲስቲክ ፋይብሮሲስ፣ የአንጀት ባክቴሪያና የትልቁ አንጀት ካንሰር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁ። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባለው በዘር የሚወረስ በሽታ ያለባቸው ሰዎች አንጀት ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ለካንሰር ያጋልጣል ሲባል ሰምታችሁ ብዙዎቻችሁ በጭንቀት ጽፋችሁልኛል። እኔ አሜሪካ ውስጥ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያይ ምርመራ) ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። የማውቀውን እነግራችኋለሁ፤ የየራሳችሁን ጉዳይ ግን ከሐኪማችሁ ጋር ወስኑ።

ሲስተር፣ ይሄ በሽታ የሳንባ አይደለም እንዴ? አንጀትን ምን አገባው?

ሳንባን ክፉኛ ስለሚጎዳ ነው በሳንባ የሚታወቀው። መነሻው ግን በፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) በ1989 የተገኘው ሲኤፍቲአር የሚባል ጂን ነው። ጂኑ የሚሠራው ፕሮቲን ጨውና ባይካርቦኔት ከሴሉ የሚወጡበት በር ነው። በሩ ሲበላሽ የሰውነት ፈሳሽ ይወፍራል፣ ይጣበቃል። ሳንባም፣ ቆሽትም፣ አንጀትም ውስጥ። በዚያ ላይ አይጦች ላይ በተደረገ ጥናት ጂኑ ከአንጀታቸው ሲጠፋ ዕጢ በዝቶ ታይቷል። ስለዚህ ጤነኛው ጂን አንጀትን ከዕጢ የሚከላከል ይመስላል።

ታዲያ ባክቴሪያው ምን አደረገ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሲስቲክ ፋይብሮሲስ ሕመምተኛ አንጀት ከሌላው ሰው ይለያል። ንፍጡ ወፍራም ነው። ቆሽት በደንብ ስለማይሠራ ያልተፈጨ ቅባት ወደ ታች ይወርዳል። አንቲባዮቲክ ደግሞ ከሕፃንነት ጀምሮ ደጋግሞ ይወሰዳል። በዚህ ሁሉ መካከል የባክቴሪያው ዓይነት ይመናመናል። እነ ፊካሊባክቴሪየምና ሮዝቡሪያ ይቀንሳሉ። እነዚህ የምግብ አሰር አብላልተው ቢዩትሬት የሚባል ነገር ይሠራሉ። የትልቁ አንጀት ሴሎች ዋና ምግብ እሱ ነው፤ የአንጀት መቆጣትንም ያበርዳል። በነሱ ቦታ እነ ኢ. ኮላይ ይበዛሉ። ከኢ. ኮላይ ዝርያዎች አንዳንዶቹ ኮሊባክቲን የሚባል መርዝ ያመነጫሉ። መርዙ የሴልን ዲኤንኤ ይጎዳል። የዚያ ጉዳት አሻራ በሰው የትልቁ አንጀት ዕጢ ላይ መገኘቱ በ2020 ታውቋል።

ይሁንና ይህ ሁሉ ተገጣጥሞ «በሲስቲክ ፋይብሮሲስ ሕመምተኞች ካንሰሩን ያመጣው ባክቴሪያው ነው» ለማለት አያስችልም። ዕጢ ራሱ በዙሪያው ያለውን ባክቴሪያ ይለውጣል። የትኛው እንደሚቀድም ገና አልተለየም። እኔን ብትጠይቁኝ ባክቴሪያው ተባባሪ ነው፤ ጂኑና ዓመታት የቆየው የአንጀት መቆጣትም አሉበት።

እህቴ፣ እኔ 38 ዓመቴ ነው። አደጋው ምን ያህል ነው? መቼስ ልመርመር?

ከሌላው ሰው ከ5 እስከ 10 እጥፍ ይበልጣል። የሳንባ ወይም ሌላ ንቅለ ተከላ ላደረጉ ከ25 እስከ 30 እጥፍ ይደርሳል። ቁጥሩ አያስደንግጥሽ። በዕድሜ ወጣት የሆነ ሰው መነሻ አደጋው ትንሽ ስለሆነ፣ ቢባዛም አብዛኛው ሰው አይያዝም። ግን ዝም የሚባልም አይደለም።

በአሜሪካ በ2018 የወጣው መመሪያ ግልጽ ነው። በ40 ዓመት ኮሎኖስኮፒ ይጀመራል፤ ንጹሕ ከሆነ በየ5 ዓመቱ ይደገማል። ፖሊፕ (በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትንሽ እብጠት፣ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል) ከተገኘ ቢበዛ በ3 ዓመት። ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው ከ30 ዓመቱ ይጀምራል። አንቺ ሁለት ዓመት አለሽ፤ ከወዲሁ ሐኪምሽን አንሺበት። ድሮ ሕመምተኞች እዚህ ዕድሜ ላይ ብዙም ስለማይደርሱ ጉዳዩ አይነሳም ነበር። አሁን እየደረሳችሁ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሰገራ በቤት ወስዶ ለምርመራ መላኩ አይበቃም?

ለናንተ አይመከርም። ኮሎኖስኮፒ ይሻላል፤ ፖሊፑን አይቶ እዚያው ቆርጦ ያወጣል።

አንጀት የሚያጸዳውን መድኃኒት ጠጥቼ ለኮሎኖስኮፒ ሄጄ «አልጸዳም» ብለው መለሱኝ። አንድ ቀን ሙሉ ተርቤ! ምን አጠፋሁ?

አንተ ምንም አላጠፋህም ወንድሜ። የተሰጠህ ለማንኛውም ሰው የሚታዘዘው መጠን ይመስለኛል። ለሲስቲክ ፋይብሮሲስ ያ አይበቃም። የምናየውን ልንገርህ። ካሜራው ሲገባ ግድግዳው ላይ ቡናማ፣ ሙጫ የመሰለ ነገር ተለጥፎ ይታያል። በውኃ እንረጨዋለን፤ ትንሽ ይለቅና መልሶ ይይዛል። ፖሊፕ ደግሞ ጠፍጣፋና የምስር ፍሬ የምታክል ልትሆን ትችላለች፤ ከሥሩ ከተደበቀች አለፈችን ማለት ነው። በናንተ ላይ ዕጢው በቀኝ በኩል፣ ካሜራው መጨረሻ ላይ በሚደርስበት ክፍል ይበዛል።

መመሪያው የሚለው ከ3 እስከ 4 ዙር፣ በየዙሩ ቢያንስ 1 ሊትር የሚያስቀምጥ መድኃኒት ነው። የመጨረሻው ዙር ምርመራው ሊጀመር ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሲቀረው። ቀጠሮ ስትይዝ «ሲስቲክ ፋይብሮሲስ አለብኝ፤ የኔ ዝግጅት ይለያል» በል። ስኳር ካለብህም አስቀድመህ ተናገር።

ፌጦ ባክቴሪያውን ይገድለዋል ይባላል። ልሞክር?

አይሆንም። ችግሩ መልካሞቹ ባክቴሪያዎች ማለቃቸው ነው፤ ተጨማሪ መግደያ አንፈልግም።

ፕሮባዮቲክ ወይም እርጎስ?

እርጎ ከተስማማህ ብላ፤ ምግብ ነው። ፕሮባዮቲክ እንክብል ግን በዚህ በሽታ ካንሰርን ይከላከላል የሚል ማስረጃ የለም። ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ መውሰድ የለበትም፤ ሕያው ባክቴሪያ ነው። ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ልጄ ጾም ካልጾምኩ ብላ አስቸገረችኝ። ሽሮና ምስር አሰር አለው፣ ለባክቴሪያው ጥሩ አይደለም ወይ?

እናቴ፣ ሽሮውም ምስሩም ጥሩ ነው፤ የጾም ምግባችን አሰሩ ብዙ ነው። የሚያሳስበኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋሏና የቅባቱ ማነስ ነው። እሷ ከሌላው የበለጠ ካሎሪ፣ ቅባትና ጨው ያስፈልጋታል። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በታመመ ሰው አትጨክንም። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ የምግብ ባለሙያዋንም ታማክር። ከበላችም ዘይቱን ጨምሩበት፤ ምግብ የሚፈጭላትን የኢንዛይም መድኃኒቷንም ከምግቡ ጋር ትውሰድ። አሰሩን በአንዴ አታብዙባት፤ ውኃም ትጠጣ፣ አለዚያ ይደርቅባታል።

ትሪካፍታ (የተበላሸውን የሲኤፍቲአር ፕሮቲን የሚያግዘውን መድኃኒት) ከጀመርኩ ወዲህ ተሽሎኛል። ምርመራው ይቅርብኝ?

እንዳትተወው። መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2019 መጨረሻ ነው። የአንጀት መቆጣት በአንዳንዶች ላይ ሲቀንስ ታይቷል፤ ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ፖሊፕ ወደ ካንሰር ለመቀየር ብዙ ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ከመድኃኒቱ በፊት የተጀመረ ነገር ካለ አሁንም እዚያው ነው።

ይሄ የፈረንጅ በሽታ አይደለም? አበሻ ላይ አለ ማለት ነው?

በነጮች ላይ ይበዛል እንጂ የነሱ ብቻ አይደለም። በጥቁሮች ላይ ከሚታዩት የጂን ለውጦች 3120+1ጂ>ኤ የሚባለው የታወቀ ነው። ለአውሮፓውያን ታስቦ የተሠራ ምርመራ ብዙ ለውጦችን ሊያልፍ ይችላል። ላቡ ጨው ጨው የሚል፣ ሰገራው ቅባት ያለበት፣ ሳሉ የማይለቀው ልጅ ካለ በላቡ ውስጥ ያለውን ጨው የሚለካ ምርመራ ጠይቁ።

ሆዴ ሁልጊዜ ያመኛል፣ ድርቀትም አይለየኝም። የካንሰር ምልክት መሆኑን በምን ልወቅ?

በስሜት ብቻ አትለየውም፤ የሲስቲክ ፋይብሮሲስና የካንሰር የሆድ ምልክት ይመሳሰላል። ለዚህ ነው በቀጠሮ መመርመር የሚያስፈልገው። ሰገራ ላይ ደም ካየህ፣ በደምህ ያለው አይረን ያለምክንያት ከወረደ፣ ክብደትህ ከቀነሰ ወይም የሰገራ ልማድህ ከተለወጠ ዕድሜህን ሳትጠብቅ ሂድ። ሰገራና ጋዝ ጨርሶ ቆመው፣ ሆድህ ተነፍቶ ካስመለሰህ ደግሞ አንጀቱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። የዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ግባ፤ በቤትህ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አትውሰድ።