የምርጫ ቀን ሥራ ይዘጋ? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

የምርጫ ቀን ሕዝባዊ በዓል ቢሆን የመራጩ ቁጥር ይጨምራል ወይ የሚለው ጉዳይ ብዙ ጥያቄ አስነስቷል። ዛሬ የተወሰኑትን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሥራ ስለተዘጋ ብቻ ሰው ለመምረጥ ይወጣል?

ብቻውን አይበቃም። ደቡብ አፍሪካን እንይ። የምርጫ ቀን እዚያ ሥራ ዝግ ነው። በ1999 ከተመዘገበው መራጭ 89 በመቶ ያህሉ ድምፅ ሰጥቷል። በ2024 ግን ቁጥሩ ወደ 59 በመቶ ወርዷል። የእረፍት ቀኑ እንዳለ ነው፤ ሰው ግን ቤቱ ቀረ። ድምፄ ለውጥ ያመጣል ብሎ የማያምንን ሰው በዓል አያስነሳውም። በዓሉ የሚጠቅመው መምረጥ እየፈለገ ሥራ ለያዘው ሰው ነው። ይህ ሰው ደግሞ ትንሽ አይደለም፤ ስለዚህ እኔ በዓል ይሁን ባይ ነኝ።

አስተናጋጅ ነኝ። በበዓል ቀን እኛ ጋ ሥራ ይብሳል። ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?

እህቴ፣ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ ያንቺ ነው። ልክ ነሽ። በዓል ሲታወጅ በቅድሚያ የሚያርፈው የቢሮ ሠራተኛ ነው። አስተናጋጁ፣ ሾፌሩ፣ ጥበቃው፣ ነርሷ ሥራ ላይ ናቸው። ምርጫ ጣቢያው ጠዋት 1 ሰዓት ተከፍቶ ማታ 1 ሰዓት ይዘጋል እንበል። ፈረቃዋ ከ1 እስከ 1 የሆነ ነርስ መቼ ትመርጣለች? ትምህርት ቤትም ስለሚዘጋ ልጅ የምታቆይበት ያጣች እናት ሰልፉ ላይ ሕፃን አዝላ ልትቆም ነው።

ስለዚህ ከበዓሉ ጋር ሁለት ነገር መምጣት አለበት። አንደኛው፣ ተረኛ የሆነ ሠራተኛ ደመወዙ ሳይነካ ወጥቶ እንዲመርጥ ቀጣሪው እንዲፈቅድለት የሚያስገድድ ሕግ ነው። የሕንድ የምርጫ ሕግ ለቀን ሠራተኛ ጭምር የሚከፈልበት እረፍት ይሰጣል። ከልክሎ የተገኘ ቀጣሪ ይቀጣል፤ ቅጣቱ ግን ከ500 ሩፒ አይበልጥም፣ ይሄ ለእኔ በጣም ያንሳል። ሁለተኛው፣ ቀደም ብሎ መምረጥ ነው። ደቡብ ኮሪያ የምርጫ ቀኗን በዓል አድርጋም በዚያ አልቆመችም። ከዋናው ቀን ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ ለሁለት ቀናት፣ መራጩ አገሩ ውስጥ በፈለገው የቅድሚያ ጣቢያ ገብቶ ይመርጣል፤ አስቀድሞ ማመልከት አይጠበቅበትም። በ2022ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ 77 በመቶ ሰው መርጧል። ላንቺ ከበዓሉ ይልቅ የሚበጅሽ ይሄኛው ነው።

ለምን እሑድ አይደረግም?

ፈረንሳይና ጀርመን እሑድ ነው የሚመርጡት፤ አውስትራሊያ ቅዳሜ። ጥሩ መፍትሔ ነው፣ ግን የእሑድ ሠራተኛም አለ። አሜሪካ ማክሰኞን የያዘችው በ1845 በወጣ ሕግ ነው። ያኔ ገበሬው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሞ፣ ሰኞ በጋሪ ተጉዞ እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ዛሬ ያ ቀን የሚጎዳው ሠራተኛውን ነው።

ድርጅት አለኝ። አንድ ተጨማሪ በዓል ኪሳራ ነው።

ስጋትዎ ይገባኛል። ግን የግድ ተጨማሪ መሆን የለበትም። የአሜሪካዋ ቨርጂኒያ በ2020 ለሁለት የእርስ በርስ ጦርነት ጄኔራሎች መታሰቢያ የነበረውን በዓል ሰርዛ በምትኩ የምርጫ ቀንን በዓል አደረገች። የበዓላቱ ቁጥር አልጨመረም።

እንደ አውስትራሊያ ማስገደድስ?

ይሠራል። በ1922 ከ60 በመቶ በታች የነበረው ተሳትፎ፣ የ1924ቱ አስገዳጅ ሕግ ከወጣ በኋላ በ1925 ከ91 በመቶ በላይ ሆኗል። እኔ ግን መንገዱ ሳይጠረግለት ሰው ይቀጣ አልልም።

ሰው እረፍቱን ለሽርሽር ቢያደርገውስ?

የሚያደርገው አይጠፋም። ቀኑ ሰኞ ወይም ዓርብ ከሆነ በተለይ፣ ከቅዳሜና እሑድ ጋር ገጥሞ ረጅም እረፍት ይሆናል። የደቡብ ኮሪያ ሕግ መደበኛ ምርጫውን ረቡዕ ላይ ያደርገዋል። እኛም ስንጠይቅ የሳምንቱን አጋማሽ እንጠይቅ።